የዘማች መበለትና የልጆቿ ቀለብ

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ዝዋይን ለቅቆ ጥቂት እንደ ተጓዘ አዳሚ ቱሉን ያገኛታል። ስሟ ኦሮምኛ ነው፤ አዳሚ ማለት ቁልቋል፣ ቱሉ ማለትም ኮረብታ ስለ ሆነ በአማርኛ «የቁልቋል ኮረብታ» ብንላት አንሳሳትም። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ በዚሁ አገር አልፎ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ወይም ሽንኩርት ገዝቶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። ነገር ግን ከዚያ አልፎ፣ ቡልቡላ ከተባለችው ከተማ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ በአብያታና በሻላ ሐይቆች አቅጣጫ ቢሄድ፣ አላጌ የሚባል ስፍራ ይደርሳል። ዛሬ በአላጌ የሚገኘው የግብርና ኮሌጅ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ ወታደራዊው መንግሥት እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ ግን በዚያ ስፍራ የነበረው የሕፃናት አምባ ነበር፤ ይኸውም አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁ ልጆች በሺህ እየተቆጠሩ ያደጉበት ነው።

ስለዚህ አምባ ብዙ ተነግሯል፤ የተነገረው ግን በብዛት ስለ ልጆቹ ነው። እኛ ዛሬ ልናወሳ ያሰብነው ስለ እናቲቱ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ሁሉ እናት የሌለው አይደለምና፣ ወታደሩ ሲወድቅ ልጆቹን ይዛ የምትቀረው ሴት ወዴት ሄዳ፣ በማን ደጅ ቆማ፣ ምን አሳይታ ነበር ለልጆቿ እንጀራ የምትጠይቀው? መንግሥትስ «ዕዳ አለብኝ» ብሎ የሚሰጣት መቼ ነው፣ ምጽዋት ብሎ የሚሰጣትስ መቼ ነው? የዕዳና የምጽዋት ልዩነት ለሰጪው የቃል ልዩነት ይመስለው ይሆናል፤ ለተቀባይዋ ግን የነገ ምሳ ጉዳይ ነው።

በቀድሞው ዘመን፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ የኢትዮጵያ ወታደር በየወሩ የሚቆጠር ደመወዝ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ወይም መኰንኑ ለአገልግሎቱ ዋጋ የሚሰጠው መሬት ወይም ገባር ነበር። በሐይቆቹ አገርና በአርሲ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር፣ ከ1870ዎቹ ብርቱ ውጊያ በኋላ፣ በሰፈረ ጊዜ ይኸው ሥርዓት ተከትሎት መጣ። ለወታደር የሚሰጠው መሬት ማደሪያ ይባላል፤ ስሙም ነገሩን ይገልጸዋል። ማደሪያ የሚያድሩበት እንጂ የሚወርሱት አይደለምና፣ ወታደሩ በአገልግሎት እስካለ ድረስ ይበላዋል፤ ሲሞት ወይም አገልግሎቱን ሲተው ወደ ሰጪው ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የመበለቲቱ ዕድል በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ እርሱም የበኩር ልጇ ዕድሜ ነው። ልጁ ጋሻና ጦር ለማንገብ የደረሰ እንደ ሆነ በአባቱ እግር ተተክቶ ይገባል፤ ቤቱም አይፈርስም። ሕፃን ከሆነ ግን፣ ወይም ሴቶች ልጆች ብቻ የወለደች ከሆነ፣ መሬቱ ሌላ ወታደር ይገባበታል፤ እርሷም ከጌታዋ ደጅ ትጠናለች። ደጅ መጥናት ማለት ምን እንደ ሆነ የዛሬ ወጣት ምናልባት ከቃሉ በቀር አያውቀው ይሆናል። በማለዳ መጥቶ ከግቢው በር መቆም፣ ጌታው ሲወጣ እጅ መንሣት፣ ካላዩ ማግሥቱን መመለስ፣ ወር ቢሞላም አለመሰልቸት ነው። ያቺ ሴት በባሏ ዘመን ከቤት ተቀምጣ የምትጦር አልነበረችም። ስንቅ አሰናድታ፣ ከጦሩ ኋላ ተጕዛ፣ በየሰፈሩ ፈጭታና ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ የምትዘምት ናት። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ጦሩን ተከትለው የሄዱት ሴቶች ብዙ ነበሩ። ሆኖም አገልግሎቱ የሚቆጠረው በባሏ ስም ስለ ነበር፣ እርሱ ሲሞት የእርሷም ድካም አብሮት ይቀበር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በሐይቆቹ አገር ለወታደሩ ቤት እንጀራ የሚሆነው እህል ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ የአርሲ ኦሮሞ ገባር አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ የሚያስገባው ነበር። ያ ገባር ሲሞት የእርሱ ሚስት በማን ደጅ ቆመች ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ስለ ዘማች መበለት ስናዝን ይህችኛዋንም ልንረሳት አይገባንም፤ የአንዲቱ ቀለብ ከሌላዪቱ ጎተራ የወጣበት ዘመን ነበርና።

በደጅ ጥናት ረገድ አገራችን ብቻዋን አልነበረችም። በእንግሊዝ አገር ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው በ1642 እ.ኤ.አ. ጦርነት በገጠሙ ጊዜ፣ ፓርላማው በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለቆሰሉት ወታደሮችና ለሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች እርዳታ ይደረግ ዘንድ ደነገገ፤ በ1647 ደግሞ ደንቡን አጸናው። መበለቲቱ በዓመት አራት ጊዜ በሚያስችለው የአውራጃ ዳኞች ችሎት ፊት ማመልከቻዋን ታቀርባለች፤ ባሏ በማን አዛዥነት፣ በየትኛው ውጊያ እንደ ሞተ ከመኰንኖቹ ማስረጃ ታመጣለች፤ ገንዘቡም ከየደብሩ ነዋሪ በሚሰበሰብ መዋጮ ይከፈላታል። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን የሚያገለግለው በፓርላማው ወገን ለተሰለፉት ብቻ ነበር። በ1660 ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ በተመለሰ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ የፓርላማው ወታደሮች መበለቶች ቀለብ ቀረ፤ በ1662 የወጣው ሕግም ለንጉሡ ወገን ተዋግተው ለነበሩት እርዳታን አዞረ። የሁለቱም ወገን ልጆች ሆድ አንድ ዓይነት ነበር፤ የአባቶቻቸው ዓርማ ግን የተለያየ ነበር። ይህን ታሪክ በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው በተደረገው ውጊያ ስንት ሰው እንደ ወደቀ ስም በስም የጻፈ መዝገብ አልነበረም። የክብር ዘበኛው በዘመናዊ ሥርዓት የሠለጠነ ነበር፤ ከየአገሩ በአዋጅ የከተተው ጦር ግን አለቃውን እንጂ መዝገብ አያውቅም። በደቡቡም በኩል ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞን ጦር ይዘው እስከ 1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ቆይተው፣ የካቲት 17 ቀን በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ፤ ከሐይቆቹ በስተ ምዕራብ የተበተነው ጦር እያንዳንዱ ወታደር የት እንደ ወደቀ ማን ይናገር? በዚያን ጊዜ የሞት ማስረጃ ማለት መርዶ ነበር። ከዘመቻ የተረፈ ጓደኛ በሌሊት መጥቶ፣ የሰፈሩን ሽማግሎች ቀስቅሶ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ለቤተ ሰቡ ያረዳል። መርዶ የሚያመጣ ጓደኛ እርሱም ሞቶ እንደ ሆነ ግን ሴቲቱ ሚስትም መበለትም ሳትሆን ትቀራለች፤ ተስካር አታወጣ፣ ሌላ ባል አታገባ፣ ቀለብም በማን ስም ትጠይቅ!

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት የመስጠት ሥርዓት ተጀመረ። የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጋሻ ነበር፤ አንድ ጋሻ በዛሬ ልክ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ከወረቀቱ ላይ ሲያነቡት ለአንዲት ባልቴትና ለልጆቿ ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ትእዛዙ መሬት አልነበረም፤ ወደ መሬት የሚያደርስ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ፣ ከዚያ ወደ አውራጃው፣ ከዚያ ወደ ወረዳው መሄድ፣ ቀያሽ ማስወጣት፣ የተመራው መሬት ሰው ያልያዘው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ስንቅ ያለው፣ መንገድ የሚያውቅና ዘመድ በቢሮ ያለው ሰው ይበቃ ነበር። ስንት ደብዳቤ ከሣጥን ግርጌ ተቀምጦ እንደ ቀረ የሚያውቁት ሣጥኖቹ ናቸው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ብዙ ባልተወራለት መንገድ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ፣ ከዚያም በ1955 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209። ይህ አዋጅ ለሲቪሉም ለወታደሩም የተሠራ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ በመቶ 4 ይቆረጣል፤ መንግሥትም በበኩሉ ለሲቪል ሠራተኛ በመቶ 6፣ ለወታደር በመቶ 16 ይጨምራል። አኃዙ ደረቅ ነው፤ ግን እስቲ አስቡት። አንድ የጦር ሠራዊት ተራ ወታደር ከደመወዙ በየወሩ ያቺ በመቶ 4 ስትቆረጥበት ያጉረመርም ይሆናል፤ በተቆረጠች ቁጥር ግን ስሙ፣ የሚስቱና የልጆቹ ስም በአንድ ማኅደር ውስጥ ይጸናል። ሲሞት ሚስቱ የምትጠይቀው የጌታን ቸርነት ሳይሆን ባሏ ያጠራቀመውን ነው። በታሪካችን ውስጥ የወታደር መበለት «ይገባኛል» ለማለት የቻለችው ከዚያ ወዲህ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ስለዚያ ዘመን ወታደር አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር በጦርነቱ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። እነዚያ ወታደሮች ዶንግዱቾን በምትባለው ከተማ ለኮሪያ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው ይረዱ ነበር። ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ላይ የማያውቁትን ሰው ልጅ ሲያበሉ፣ በገዛ አገራቸው የወታደሩን ልጅ ቀለብ የሚወስነው የጡረታ ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የአዳሚ ቱሉን ነገር በቀጥታ ይነካል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የሐይቆቹ አገር ጭሰኛ በዚያ ቀን ከባላባት ደጅ ተላቀቀ። አዋጁ ስለ መበለትም አስቦ ነበር፤ ባለ ይዞታው ሲሞት ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱት ልጆቹ በመሬቱ እንዲጠቀሙ ፈቀደ፤ ማንም ሰው በቅጥር ጕልበት እንዳያሳርስ ሲከለክልም ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣት። በምን ገንዘብ ትቀጥራለች የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ ጦርነት መጣ። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሚያዝያ ወር በእናት አገር ጥሪ ስም ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ ታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት ሠልጥኖ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ሆነ፤ በሰሜን ያለው ጦርነት ግን ቀጠለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የጡረታው አዋጅ የታሰበው ደመወዙ በመዝገብ ለሰፈረ፣ የአገልግሎት ዘመኑም ለሚቆጠር ሰው ነው። ሚሊሺያው ግን ትናንት ሞፈር የጨበጠ ገበሬ ነበር። ስሙ በወታደር ቤት ማኅደር ውስጥ ሳይጠና በመቃብር ውስጥ ያረፈ ስንት ነው!

መንግሥት ለዚህ ያገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው ሸክሙን ለገበሬ ማኅበሩ መስጠት ነው፤ ማኅበርተኞች የዘማቹን ቤተ ሰብ መሬት እንዲያርሱ፣ እንዲዘሩና አጭደው እንዲያስገቡ ታዘዙ። ሐሳቡ የደቦን ባህል የተከተለ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆን ዝናብ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ ሜዳ ዝናቡ አጭር ነው፤ በቆሎ በጊዜው ካልተዘራ አገዳ ሆኖ ይቀራል። የጎረቤት በሬ የሰውን ማሳ የሚገባው ደግሞ የጌታውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የመበለቲቱ እርሻ መታረሱ አልቀረም፤ ሁልጊዜ በመጨረሻ ታረሰ እንጂ። በዝናብ አገር ይህ ጥቂት ጉዳት ነው፤ በደረቅ አገር የዓመት ረኃብ ነው።

ሁለተኛው መልስ አምባው ነበር። በአላጌ ልጆቹ ቤት ተሠራላቸው፤ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ይታከማሉ፣ ይማራሉ። ሌሎች ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ኩባ ተላኩ፤ የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራም ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ጊዜ በአንድ የገጠር ቤት ሊገኝ ከሚችለው ምግብና ትምህርት ጋር ቢመዛዘን በአምባው የተሰጠው የሚበልጥ ነበር፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። ከዚያ ወጥተው ለወግ ለማዕርግ የበቁ አሉ።

ይሁን እንጂ የሥርዓቱን አሠራር ተመልከቱት። ጡረታ ገንዘቡን ወደ እናት ቤት ይልካል፤ አምባ ልጁን ከቤት ይወስዳል። በመጀመሪያው መንገድ ልጁ በእናቱ ምጣድ ዙሪያ ያድጋል፤ ታናሹን ያዝላል፣ የአያቱን ስም ያውቃል፣ ኦሮምኛም ይሁን ከምባትኛ ወይም ትግርኛ የቤቱን ቋንቋ ይናገራል። በሁለተኛው መንገድ አባቱ መንግሥት ይሆናል። አባት ያለው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሙት ልጅ የሚሆነው አባቱ ሲሞት ነው። መንግሥት ደግሞ ይሞታል።

ይህም በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ሆነ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ተበተነ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጕዳተኞችን የሚያቋቋም ኮሚሽን ቆመ፤ በመሠረቱ ግን ሥራው በሕይወት የተረፈውን ወታደር ወደ ሰላማዊ ኑሮ መመለስ ነበር። የሞተው ማቋቋሚያ አይጠይቅም፤ የእርሱን ጥያቄ የምትጠይቀው ሚስቱ ናት፤ እርሷም አሁን የተሸነፈ ጦር መበለት ሆናለች። የእንግሊዟን ሴት የ1660 ዕጣ አስታውሱ። የአላጌው አምባ ተዘግቶ ልጆቹ ተበተኑ፤ ከኩባዎቹም መመለሻ ያጡ ነበሩ። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ። ሌላው ግን በአሥራ ምናምን ዓመቱ ጓደኛውን ብቻ ዘመድ አድርጎ ወጣ፤ በአምባው ያደጉት እስከ ዛሬ «የአምባ ልጆች» ተባብለው የሚፈላለጉትም ስለዚህ ይመስለኛል።

በአንጻሩ የአሜሪካንን ሥራ እንመልከት። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ፣ የሰሜኑ ወገን ተራ ወታደር መበለት በወር 8 ዶላር ተቈረጠላት፤ ቀጥሎም ለየልጁ 2 ዶላር ተጨመረ። ጦርነቱ በ1865 አለቀ። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቶች በሁለቱም ፓርቲዎች በኩል ተፈራረቁ፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ። በዚያ ጦርነት ከተዋጋ ወታደር የተወለደችው የመጨረሻዋ ተጧሪ ያረፈችው በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በእኛ በ2012 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ በየወሩ 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፈላት ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ያስቃል። ነገር ግን መዝገቡ ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት በላይ አልተዘጋም።

በአገራችንም የጡረታው መዝገብ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ መንግሥት ተሻግሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 345 ለሟች ሚስት የጡረታውን በመቶ 50፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በመቶ 20 እንዲከፈል ደንግጎ ነበር፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይቋረጣል። በዚሁ አዋጅ መበለቲቱ 45 ዓመት ሳይሞላት ሌላ ባል ብታገባ አበሏ ይቀር ነበር። እስቲ የአርባ አራት ዓመቷን ሴት አስቡ፤ ሽማግሌ ሲላክባት «ዓመት ታገሡኝ» ብትል በሠርግ ተጫወተች ትባል ይሆን፣ ወይስ ሒሳብ ዐወቀች?

ወደ አዳሚ ቱሉ ልመለስና ላብቃ። ከዚያች ከተማ ወይም ከአካባቢዋ ቀበሌ ተነሥታ የሟች ባሏን አበል ለማስከበር የምትሄድ ሴት ዛሬም ከእጇ የማይለይ አንድ ነገር አለ፤ የወረቀት ጥቅል። የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ሽማግሎች መርቀው፣ ዘመድ በልቶና ጠጥቶ፣ ልጅ ተወልዶበት የኖረ ትዳር በወረቀት ላይ የለምና። ስለዚህ ምስክሮች ይዛ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ያገባችው መሆኗን ታስመሰክራለች፤ ውሳኔውን ታትሞና ማኅተም ተመትቶበት ተቀብላ፣ አጣጥፋ ከጥቅሉ ጋር ታኖረዋለች።